«ስታምኑ አለቀ አይደል?» ስለ እምነት፣ ስለ ሥራና ስለ መዳን በደሴ የሚነሱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ላይ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የማይነሳ ወሬ የለም፤ ሃይማኖትም ይነሳል። ቤተ ክርስቲያን ሳሚው፣ ጰንጤውና ሙስሊሟ ጎረቤት አንድ ረከቦት ከበው ተቀምጠው ወንጌላዊው «ሰው የሚድነው በእምነት እንጂ በሥራ አይደለም» ሲል ሁሉም ቀና ይላል። ከዚያ የሚመጣው ተቃውሞ ብዙውን ጊዜ ያልተባለን ነገር ነው የሚመታው። ጥፋቱ ሁልጊዜ የጠያቂው አይደለም፤ ትምህርቱን ቆርጠው የሚናገሩ አማኞችም እጃቸው አለበት። ጥቅሶቹን የወሰድነው ከ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

«ጽድቅ ማለት ለነፍስ የሚጠራቀም መልካም ሥራ ነው»

በዕለት ተዕለት አማርኛችን፣ አዎ። ሰው ለነዳይ ሳንቲም ሰጥቶ «ለጽድቅ ነው» ይላል፤ «ጻድቅ» ሲባልም በገድሉ የታወቀ ቅዱስ ነው ዓይናችን ላይ የሚመጣው። በጳውሎስ መልእክቶች ግን ቃሉ የችሎት ቃል ነው፤ ዳኛው ተከሳሹን «ነጻ ነህ» ብሎ ሲያሰናብት የሚሰጠው ፍርድ። ሮሜ 4፥5 እግዚአብሔርን «ኃጢአተኛውን የሚያጸድቅ» ይለዋል። ጽድቅ የሥራ ጥርቅም ቢሆን ኖሮ ይህ አባባል ትርጉም አይኖረውም ነበር፤ ኃጢአተኛው ምን አጠራቅሞ ይጸድቃል?

አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ጳውሎስ ደመወዝን ያነሳል፦ «ለሚሠራ ደመወዝ እንደ ዕዳ ነው እንጂ እንደ ጸጋ አይቆጠርለትም»። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ወሩን ሙሉ በፈረቃ ሲገባ ሲወጣ የከረመ ሠራተኛ ደመወዙን ሲቀበል ስጦታ ተሰጠኝ ብሎ እጅ አይነሳም። የላቡ ዋጋ ነው፤ ቢያስቀሩበት ይከሳል። በእግዚአብሔር ፊት ግን እንዲህ ቆሞ «ክፈለኝ» የሚል ሰው የለም፤ የጳውሎስ ነጥብ ይኸው ነው።

«ጳውሎስ አንድ ይላል፣ ያዕቆብ ሌላ ይላል»

ይህኛው በቀላሉ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ሮሜ 3፥28 «ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት እንዲጸድቅ እንቆጥራለንና» ሲል፣ ያዕቆብ 2፥24 «ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ ታያላችሁ» ይላል። ጠያቂው ሌላም ሊጨምር ይችላል፦ «በእምነት ብቻ» የሚለው ሐረግ እንዳለ ተጽፎ የሚገኘው እዚሁ ያዕቆብ ላይ ነው፤ ያውም በአሉታ። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 ባሳተመው የጀርመንኛ አዲስ ኪዳን ሮሜ 3፥28 ላይ «ብቻ» የሚል ቃል አስገብቷል፤ ግሪኩ ላይ ቃሉ የለም። ይህን መካድ አያዋጣም።

መልሱ ያለው ሁለቱም በምስክርነት በጠሩት ሰው፣ በአብርሃም ዕድሜ ውስጥ ነው። ዘፍጥረትን ገልጦ በተራ ማንበብ ይበቃል። ምዕራፍ 15፥6 ላይ አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት። ምዕራፍ 16 መጨረሻ ላይ እስማኤል ሲወለድ 86 ዓመቱ ነው። ምዕራፍ 17 ላይ ሲገረዝ 99 ሞልቶታል። ይስሐቅን ሊሠዋ የወጣው ምዕራፍ 22 ላይ፣ ልጁ የማገዶውን እንጨት መሸከም ከቻለ በኋላ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 4 የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጽድቅ የተቆጠረለት ከመገረዙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በመካከሉ ቢያንስ 13 ዓመት አለ፤ ክርክሩ በሙሉ የቆመው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። ያዕቆብ ደግሞ የምዕራፍ 22ን መሠዊያ አንስቶ፣ ያ ቀድሞ በምዕራፍ 15 የተነገረው ቃል ያን ጊዜ «ተፈጸመ» ይላል። አንዱ ስለ መነሻው ቀን፣ ሌላው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለታየው ፍሬ ነው የሚናገሩት።

ጦሳ ተራራ ላይ ችግኝ የተከለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አማርኛ ለችግኝም «ጸደቀ» ይላልና። (የግሪኩ ቃል ይህ ትርጉም የለውም፤ የቋንቋችን ዕድል ነው።) ሐምሌ ላይ ይተከላል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ይቆጠራል፤ ግብርናዎች «የጽድቀት መጠን» የሚሉት ይህንን ነው። ቆጣሪው ሥሩን አያይም፣ ሥሩ አፈር ውስጥ ነው። የሚያየው ቅጠሉን ነው። ቅጠሉ ሥሩን አላመጣውም፤ ሥር መያዙ የሚታወቀው ግን በቅጠሉ ነው። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ የተተከለ ችግኝ ለጊዜው ለምለም ይመስላል፤ በኋላ ሥሩ እዚያው ፕላስቲኩ ውስጥ ተጠማዞ ይደርቃል። መተከሉማ ተተክሏል፤ ግን አልጸደቀም። ያዕቆብ የሚሞግተው እንዲህ ያለውን «አምኛለሁ» ባይ ነው። በደረቀ እንጨት ላይ ደግሞ ቅጠል በክር ቢያስሩበት እንጨቱ አይጸድቅም፤ ጳውሎስ የሚሞግተው ያንን።

«ካመኑ በኋላ እንደ ልብ መኖር ይቻላል ማለት ነው»

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ ጳውሎስም ተጠይቆበታል። ሮሜ 6፥1 ላይ «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን?» ብሎ ራሱ ያነሳዋል፤ «አይደለም» ብሎም ይዘጋዋል።

ስህተቱ የሚጀምረው ኤፌሶን 2ን ከመቁረጥ ነው። ቁጥር 8 እና 9 በቃል ይጠናሉ፣ ቁጥር 10 ይቀራል። ሦስቱን አንድ ላይ ያንብቡ፦ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም። እኛ ፍጥረቱ ነንና፤ እንመላለስበት ዘንድ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን።» የሦስት ፊደሎችን ቦታ ልብ ይበሉ። አዳኙ ጸጋው ነው፤ «በ» የምታሳየው መቀበያውን፣ እምነትን ነው፤ «ከሥራ አይደለም» ላይ ያለችው «ከ» መነሻን ትናገራለች፤ «ለማድረግ» ላይ ያለችው «ለ» መድረሻን። ሥራ ከመነሻው ተነስቶ መድረሻው ላይ ተቀመጠ እንጂ ከገጹ አልተፋቀም። ከደሴ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደውን ሰው ከኮምቦልቻ መጣ ብሎ መናገር እንደማይቻል ሁሉ፣ ይህችን «ከ» እና ይህችን «ለ» ማምታታት ትምህርቱን በሙሉ ይገለብጠዋል።

ፊልጵስዩስ 2፥12 «የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» ሲልም ያው ነው። ቁጥር 13 ወዲያው ተከትሎ፣ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራው እግዚአብሔር ነው ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች መለየት ለክርክር ይመች እንደሆነ እንጂ ለመረዳት አይጠቅምም።

«እምነት ማለት እግዚአብሔር አለ ማለት ነው፤ እሱንማ ማን ያጣዋል?»

ያዕቆብ 2፥19 አጋንንትም እንደሚያምኑ፣ እንደሚንቀጠቀጡም ይነግረናል። የወንጌላውያን አስተማሪዎች እምነትን በሦስት ይከፍሉታል፦ ማወቅ፣ እውነት ነው ብሎ መቀበል፣ መታመን። አማርኛው ይረዳናል፤ «አመነ» እና «ታመነበት» አንድ አይደሉም።

መናኸሪያ ቆሞ ሚኒባሱ ኮምቦልቻ እንደሚሄድ ማወቅ አለ። ሹፌሩ ጎበዝ ነው ብሎ መመስከርም አለ። ሁለቱም ግን ኮምቦልቻ አያደርሱም፤ መሳፈር ያስፈልጋል። ከተሳፈሩ በኋላ ደግሞ በሐረጎ ጠመዝማዛ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረድ አንዱ ወንበር ጨብጦ ይጸልያል፣ አንዱ መስኮት ተደግፎ ያንኮራፋል። ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ፤ ያደረሳቸው መኪናውና ሹፌሩ ነው እንጂ የልባቸው ጽናት አይደለም። «እምነቴ ደካማ ነው፣ እድን ይሆን?» እያለ ራሱን የሚመረምር ሰው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው እምነትን ሌላ ሥራ አድርጎታል፤ መጠኑን ይለካል፣ በቂ ነው ወይ ይላል። መጠየቅ ያለበት ማን ላይ ተሳፈርኩ ብሎ ነው።

«መልካሙና ክፉው ይመዘናል፣ ያመዘነው ይፈርዳል»

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚግባባበት አባባል ነው፤ ብዙ ክርስቲያንም የበላዔ ሰብእን ታሪክ ይጠቅስለታል፦ 78 ነፍስ በልቶ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ዳነ። ግን ታሪኩን በደንብ የሚተርኩትም ቢሆኑ ጥርኝ ውሃ በራሱ 78 ነፍስ ይመዝናል አይሉም፤ ሚዛኑን ያጋደለው ምሕረት ነው ነው የሚሉት። ምሕረቱ በማን በኩል መጣ የሚለው ላይ ወንጌላውያን ይለያሉ፤ ሥራው ብቻውን እንዳልመዘነ ግን እዚያም ተነግሯል።

«ትምህርቱ የሉተር ፈጠራ ነው፤ ኦርቶዶክስና ካቶሊክ ደግሞ በሥራ እንድናለን ይላሉ»

ሁለቱም ትክክል አይደሉም። በሐዋርያት ሥራ 15 የኢየሩሳሌም ጉባኤ ላይ ጴጥሮስ በጌታ በኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ እንደምንድን ተናግሯል፤ የቤተ ክርስቲያን መምህሩ አውግስጢኖስም በ5ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰው በራሱ ጥረት ጽድቅን መፈጸም ይችላል ይል ከነበረው ከጲላግዮስ ጋር ስለ ጸጋ ተከራክሯል። በሌላ በኩል የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1547 ስለ ጽድቅ ባወጣው ውሳኔ የመጀመሪያው ቀኖና የሚያወግዘው፣ ሰው ያለ ጸጋ በራሱ ሥራ ይጸድቃል የሚለውን ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መምህርም ድኅነት የክርስቶስ ቸርነት ነው ይላል፤ እምነት፣ ጥምቀት፣ ቁርባንና ምግባር በአንድነት ይጓዛሉ ብሎ ያስተምራል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ግን ሥራ ከመጽደቅ ውስጥ ይቆጠራል ወይስ ከመጽደቅ በኋላ ይመጣል በሚለው ላይ ነው። ጥቅምት 31 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በጽድቅ ትምህርት ላይ በአውግስበርግ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል፤ የእኛዋ መካነ ኢየሱስም የዚያ ፌዴሬሽን አባል ናት።

እግረ መንገድ፦ ከደሴ ትንሽ ሰሜን ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ንጉሥ ምኒልክ ባለበት የሰበሰቡት ጉባኤ «የጸጋ ልጅ» የሚባለውን ወገን ማውገዙ እዚህ ክርክር ውስጥ የሚጎተትበት ጊዜ አለ። ያኛው ጸጋ ሌላ ነው፤ ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅብዓት ነበር፣ ስለ እምነትና ሥራ አልነበረም።

«በሥራ ካልዳንኩ ለምን እመጸውታለሁ?»

ጥያቄው ራሱ አንድ ነገር ያሳብቃል። «ለነፍሴ ይሆነኛል» ብሎ የሚሰጥ ሰው ዓይኑ ያለው ነፍሱ ላይ ነው፤ ነዳዩ መሰላል ሆኗል። ሳንቲሙ የተቆጠረው በሰጪው ስም ስለሆነ፣ የተቀባዩ ስም፣ ልጆቹ ስንት እንደሆኑ፣ ትናንት በልቶ እንደሆነ አይጠየቅም። መዳኑ አስቀድሞ በእጁ ያለ ሰው ግን ከሚሰጠው ሳንቲም የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ስለዚህ ሲሰጥ የሚያየው ሰውየውን ነው። ስሙን ይጠይቀዋል። ቀዝቃዛ ሌሊት ከሆነም፣ የደሴን ብርድ ያውቃልና፣ ሳንቲሙ ላይ ብርድ ልብስ ይጨምራል።