ከንፈር ከመምጠጥ ልጁን መያዝ

አካል ጉዳት ወይም የእድገት መዘግየት ያለበት ሕፃን ባለበት ቤት ከሐኪሙ ቀድሞ የሚደርሰው ወሬ ነው። ጎረቤቱም፣ አማትዬዋም፣ የሩቅ ዘመዱም የየራሱ ማብራሪያ አለው። አብዛኛው በክፋት የሚባል አይደለም። ግን ልጁ መቼ ሐኪም ዘንድ እንደሚደርስ፣ ከቤት ይውጣ አይውጣ፣ እናቱ ቀና ብላ ትሂድ አትሂድ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይኸው ወሬ ነው። ደጋግመን የምንሰማቸውን እስቲ እናንሳቸው።

«እናትየው የሆነ ነገር አድርጋ ነው»

ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው እናት ላይ ነው። እርጉዝ ሆና በቀትር ወጥታ ተለክፋ ነው ይባላል። እርግማን ነው፣ የኃጢአት ዋጋ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ለማሳከም ክሊኒክ የመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ከመቶ 45ቱ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ከመቶ 27 ያህሉ ነገሩን ከሰው ለመደበቅ ይጥራሉ። ከመቶ 40ዎቹ መንስኤው መንፈስ ነው ብለው ያምናሉ። በጣም የሚገርመው ግን ሌላ ነው፤ ይህ ስሜት በትምህርት ደረጃ አልተለየም። የተማረውም ያልተማረውም እኩል ይሸማቀቃል። እነዚህ እንግዲህ ሕክምና የደረሱት ናቸው።

እውነታው ይኸው። የአእምሮ እድገትን የሚያዘገየው ዳውን ሲንድሮም፣ የዘር መረጃ ከሚሸከሙት ክሮሞዞሞች 21ኛው ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሲሆን የሚመጣ ነው። የእናት ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ ይጨምራል፤ ሆኖም ወጣት እናቶችም ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ይወልዳሉ። የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያውከው ሴሬብራል ፓልሲ የሚከሰተው በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ ነው። በምጥ ጊዜ መታፈን፣ ያለጊዜ መወለድ፣ ሳይታከም የቆየ ከባድ የጨቅላ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ የሚለውጠው ኦቲዝም ከአስተዳደግ አይመጣም። ከክትባትም አይመጣም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን ጽሑፍ ያተመው መጽሔት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል።

ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው የጀርባ አጥንት ክፍተት ደግሞ በአገራችን በብዛት ይታያል። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን እጥረት ትልቅ ድርሻ አለው። ክፍተቱ የሚፈጠረው ከተፀነሰ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አራት ሳምንታት፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። ስለዚህ ለማርገዝ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ አስቀድማ ብትጀምር ነው የሚበጀው። ይህ ለሚቀጥለው እርግዝና የሚጠቅም እውቀት ነው፤ ያለፈውን የምትወቀስበት አይደለም። ክኒኑን ማን ነግሯት?

ሃይማኖቱን ለሚጠቅስ ሰው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አለለት። ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ኃጢአቱ የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ የእርሱም የወላጆቹም አይደለም የሚል ነው። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። እናትየዋን ግን ዛሬም እንጠይቃታለን።

«ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ አጎቱም አራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው»

ይህችን ምክር የምንሰጠው ለማጽናናት ነው። የምታስከፍለው ግን ከባድ ነው። ልጆች እኩል አያድጉም፤ ልክ ነው። ያም ሆኖ መጠበቅ የሌለባቸው ምልክቶች አሉ። በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ወይም «ባ ባ፣ ዳ ዳ» እያለ ድምፅ የማያወጣ፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፣ በ18 ወሩ ያልሄደ፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ማገናኘት ያልቻለ ልጅ መታየት አለበት። ይናገር የነበረውን ያቆመ ልጅ ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ቢሆን ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ንግግር ሲዘገይ መጀመሪያ ጆሮ ይመርመር። መስማት የተሳነው ሕፃን «ዝምተኛ ነው» እየተባለ ቋንቋ የሚይዝባቸው ዓመታት ያመልጡታል። የምልክት ቋንቋ ካስተማርነው መናገር ይተዋል የሚለው ስጋትም መሠረት የለውም። ልጁ ቋንቋ ያስፈልገዋል፤ ቶሎ ያስፈልገዋል።

ቆልማማ እግርም እንዲሁ ነው። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተጀመረ በየሳምንቱ በሚቀያየር ጄሶ ይቃናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ግን ልዩ ጫማውን መጀመሪያ ሦስት ወር ያህል ቀንም ሌሊትም፣ ከዚያም እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ሲተኛ ማድረግ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚመለሰው እዚህ ላይ ስንዘናጋ ነው።

«ለራሱ ሲባል ቤት ይቀመጥ»

ሰው እንዳያይበት፣ እንዳይስቁበት ተብሎ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን ከሰው የተለየ ልጅ ከሰው ጋር መኖርን የሚማርበት ቦታ የለውም። የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ስታጣ ወሎ ገጠር ነበረች። ቤተሰቧ ቤት ከማስቀመጥ ይልቅ ሻሸመኔ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ላኳት። ሕግ ተማረች፤ በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ በሠራችው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። ዓይነ ስውርነቷ ካለዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናት ራሷ ተናግራለች።

በእርግጥ ሁሉም ልጅ ተሸላሚ አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። ደጅ ለመውጣት፣ ለመጫወት፣ ቤተ ዘመድ ለመጠየቅ ሽልማት አያስፈልግም።

«ማዕከል ካላገኘን ምንም ማድረግ አይቻልም»

ማዕከል ብርቅ መሆኑ እውነት ነው። ከላይ ባልኩት ጥናት ከአራት አሳዳጊዎች ሦስቱ ለልጃችን ትምህርት አጣን ብለዋል። ያሉትም ቢሆኑ ብዙዎቹ በወላጆች ድካም የተከፈቱ ናቸው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ቦታ ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስም ለሌሎች እናቶች ልጆች ሲሟገቱ ኖሩ።

ግን ልጁ ማዕከል ቢገባም ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፈው ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰቦች ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ሥልጠና በኢትዮጵያም ተሞክሯል። መሠረቱ ቀላል ነው። ከልጁ ዓይን ትይዩ ዝቅ በሉ። እሱ የያዘውን ይዛችሁ ተጫወቱ። አጭር ቃል ተጠቀሙ፤ ከዚያ ጠብቁት። ሥራውን በትንንሹ ከፋፍሉት፦ ዛሬ እጅጌውን ብቻ ያውጣ፣ ሌላውን እናንተ አውልቁለት። ልብስ ሲታጠፍ፣ ሽንኩርት ሲላጥ፣ ቡና ሲፈላ አጠገባችሁ ይሁን። እዚያም ይማራል።

ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ልጅ ደግሞ አመጋገብ ሕይወት ነው። አስተኝቶ አጥሚት መጋት ወይም አንገትን ወደኋላ ቀልብሶ ማጉረስ አደገኛ ነው፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። አንገቱ በትንሹ ወደፊት ያዘንብል። ምግቡ ወፈር ይበል፣ ማንኪያው ትንሽ ይሁን፣ እስኪውጥ ታገሱት። አንድ ምግብ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። እናቱ ለምን እንደምትደክም አሁን ይገባችኋል።

«ጸበል ከጀመረ መድኃኒቱን ይተው»

ጸበሉ ይቀጥል፤ መድኃኒቱም ይቀጥል። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትልና ሊገድል ይችላል። ይህን ለእናት ብቻ ሳይሆን ለአያትም፣ ለንስሐ አባትም ንገሩ። ለመወሰን ድምፅ ያላቸው እነሱ ናቸውና።

«አማርኛውን ተዉት፣ ያደናግረዋል»

አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ከአንዳንድ ባለሙያም ይሰማሉ። ኦቲዝም ወይም ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ቋንቋ መስማት ልጁን ወደኋላ እንደሚያስቀር አላሳዩም። ከአያቱ ጋር የሚያወራበትን ቋንቋ አትቀሙት።

«እግዜር ለሚችለው ነው የሚሰጠው»

ለማበርታት እንለዋለን፤ አውቃለሁ። እናትየዋ ግን የምትሰማው «ብቻሽን ተወጪው» የሚል ነው። ስለቻለች አይደለም የምታደርገው፤ የሚቀበላት ስለሌለ ነው። ሥራዋን የምትተወው እሷ፣ ሌሊት የምትነሳው እሷ፣ ወረፋ የምትይዘው እሷ። አባት ገንዘብ ማምጣቱ ጥሩ ነው፤ ግን ልጁን ማጉረስ የማያውቅ አባት ግማሹን ሥራ አልሠራም። ታላቅ እህቱን ከትምህርት ማስቀረትም መፍትሔ አይደለም፤ አንድ ችግር የነበረበት ቤት ሁለት ይኖሩታል።

«ምን ልርዳሽ?» ስትባል «ምንም፣ ደህና ነኝ» ትላለች። አትጠይቋት። «ቅዳሜ ከሰዓት እኔ እይዘዋለሁ» በሏት። እድር ለቀብር እንደሚደርስ ሁሉ፣ የሰፈር ሴቶች ለዚህ ልጅ ተራ እንዳያወጡ የሚከለክል ደንብ የለም። የመጀመሪያው ቅዳሜ እናትየው ከቤት አትውጣ። እንዴት እንደምትይዘው፣ እንዴት እንደምታጎርሰው፣ ሲያንቀጠቅጠው ምን እንደምታደርግ ታሳያችሁ። ካንቀጠቀጠው በጎኑ ይተኛ፣ አፉ ውስጥ ምንም አይግባ፣ ክብሪትም አያስፈልግም። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት። በቀጣዩ ቅዳሜ ወጥታ ፀጉሯን ትሠራ፣ ወይም ቁጭ ብላ ቡናዋን ትጠጣ፣ ወይም ትተኛ።