የማስታወስ ልምምድ ምንድን ነው? ፈተና ማብዛት እንዳይመስላችሁ

ሰሞኑን ስለ ከፍተኛ ትምህርት በተደረገ አንድ ውይይት ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ ሳይንስ ጠቅሰው ሲናገሩ ሰማሁ። ፈተና ራሱ እንደሚያስተምር በጥናት ተረጋግጧል፣ ስለዚህ ኩይዝ ይብዛ፣ ነጥብም ይያዝበት፣ ተማሪው ያኔ ይነቃል አሉ። ቤቱ አጨበጨበላቸው። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። በስልጠናም፣ በመምህራን ስብሰባም፣ በቴሌግራም ቻናልም ያው ነው። የሚጠቀሰው ጥናት የራሴ መስክ ስለሆነ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ጥናቱ እንደዚያ አይልም።

የማስታወስ ልምምድ ማለት የተማሩትን ነገር ሳያዩ ከራስ ጭንቅላት ፈልጎ ማውጣት ነው። ደብተሩ ተዘግቷል፣ ስልኩ ተቀምጧል፣ «እስቲ ምን ነበር?» ተብሎ ይጀመራል። ትውስታውን የሚያጠነክረው ያ ፍለጋ ነው። በሙያው ቋንቋ ሪትሪቫል ፕራክቲስ ይባላል፤ ውጤቱ ደግሞ ቴስቲንግ ኢፌክት። ፈተና ይህን ፍለጋ ከሚቀሰቅሱ ነገሮች አንዱ ብቻ ነው። ነጥብና ግሬድ የሉበትም።

ሁሉም የሚጠቅሰውን ሙከራ ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ነው። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ተሰጣቸው፤ አንዱ ስለ ፀሐይ፣ ሌላው ስለ አንድ የባሕር እንስሳ። አንደኛው ቡድን በአራት ክፍለ ጊዜ ያንኑ ጽሑፍ እየደጋገመ አነበበ። ሌላው ቡድን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ አነበበ። በቀሪዎቹ ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ጽሑፉ ተነሥቶ ባዶ ወረቀት ቀረበለት። የሚያስታውሰውን ሁሉ መጻፍ ብቻ ነው።

ልብ በሉ፤ ወረቀቱ ላይ ጥያቄ የለም። ማርክ የለም። «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ያለውም የለም። እኚያ አስተያየት ሰጪ በጠቀሱት ሙከራ ውስጥ እሳቸው የሚሉት ዓይነት ፈተና ጭራሽ አልነበረም።

ውጤቱስ? ደጋግመው ያነበቡት ጽሑፉን በአማካይ 14 ጊዜ ያህል ነው ያነበቡት፤ በባዶ ወረቀት የጻፉት ደግሞ 3 ጊዜ ከምናምን። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ነገሩ ተገለበጠ። ያነበቡት 40 በመቶ፣ በባዶ ወረቀት የታገሉት 61 በመቶ አስታወሱ። የ5 ደቂቃውን ውጤት ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ መዘለል ግን የለበትም። ተማሪን የሚሸውደው እሱ ነውና። ደጋግሞ ማንበብ ያን ጊዜ ይሠራል። ገጹ ይለሰልሳል፣ ሁሉም ነገር የታወቀ ይመስላል። ልምምዱ እንዳበቃ «ከሳምንት በኋላ ምን ያህል ታስታውሳላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ ይበልጥ የተማመኑት አንባቢዎቹ ነበሩ።

ሰው ለምን ይህን ዘዴ እንደማይመርጥ ከዚህ ይገባችኋል። ካርፒክ፣ በትለር እና ሮዲገር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት 177 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዴት እንደሚያጠኑ ተጠይቀው ነበር። ከ10 ተማሪዎች 8ቱ ደግሜ አነባለሁ አሉ። ሳላይ ለማስታወስ እሞክራለሁ ያሉት 11 በመቶ ብቻ ናቸው። ስንፍና አይደለም። ላይብረሪ ውስጥ አምሽቶ ሲቸክል የሚያድር ተማሪ ሰነፍ አይባልም። ግን ድካሙን የሚያውለው ቶሎ የሚያረካው ላይ ነው። ባዶ ወረቀት ፊት መቀመጥ ደግሞ ያሳፍራል። አላውቅም ያሰኛል።

እስቲ ኮንዶሚኒየም አስቡ። ጀሞ የሚኖር ዘመድ አላችሁ እንበል። አሥር ጊዜ እሱ እየመራችሁ፣ ወሬ እያወራችሁ ቤቱ ገብታችኋል። በአሥራ አንደኛው ቀን ብቻችሁን ስትሄዱ ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆኑባችኋል። መንገዱን በዓይናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ግን ፈልጋችሁት አታውቁም። አንድ ቀን ብቻውን ተደናብሮ ያገኘ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ አይጠፋበትም። ደጋግሞ ማንበብ ተመርቶ መግባት ነው። ማስታወስ ብቻን መፈለግ ነው። አንድ እርምጃ ልጨምር፦ ብቻውን የሄደው ሰው የተሳሳተ ብሎክ ገብቶ፣ የተሳሳተ በር አንኳኩቶ፣ ማንም ሳያርመው ቢመለስስ? በሚቀጥለው ጊዜም እግሩ ወደዚያው ይወስደዋል። ሌላም አለ። ሁልጊዜ በአንድ በር የገባ ሰው በሌላኛው በር ቢያስገቡት እንደገና ሊጠፋ ይችላል።

ሁለቱም ነገሮች በጥናት የታዩ ናቸው። የመጀመሪያው የምርጫ ጥያቄን ይመለከታል። ሮዲገር እና ኤልዛቤት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት፣ ተማሪዎች በምርጫ ጥያቄ ላይ ካዩዋቸው የተሳሳቱ አማራጮች አንዳንዶቹን በኋላ እንደ እውነት አድርገው መልሰው ጽፈዋል። አማራጭ «ሐ» ውሸት ሆኖ ሳለ ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። መልሱ ወዲያው ከተነገረ ይህ ጉዳት በእጅጉ ይቀንሳል። የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ የያዘውን በቃሉ ለመምህሩ ሲያሰማ፣ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። እኛ ጋ ኩይዝ ይሰጥና ውጤቱ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ይለጠፋል። ቁጥሩን ብቻ። የትኛው እንደተሳሳተ ተማሪው አያውቅም። እንዲህ ያለውን ኩይዝ ብታበዙት ምን ታገኛላችሁ?

ሁለተኛው ስለ ሌላኛው በር ነው። ስቲቨን ፓን እና ቲሞቲ ሪካርድ እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። የማስታወስ ልምምድ ጥቅም ወደ አዲስ ዓይነት ጥያቄም ይሻገራል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። በልምምዱ ጊዜ በደንብ ማስታወስ ለቻለ ይበልጥ ይሻገርለታል። ስለዚህ መጀመሪያ ያልገባውን ተማሪ «አስታውስ» ማለት ፋይዳ የለውም። ማስተማር ይቀድማል። ይህን የምለው አንዳንድ መምህር ሌክቸሩን ትቶ ጥያቄ ብቻ መደርደር እንዳይጀምር ስለምሰጋ ነው።

በሌላ በኩል «ይሄማ ሽምደዳ ነው» የሚሉም አሉ። ከእነሱም ጋር አልስማማም። ካርፒክ እና ጃኔል ብላንት እ.ኤ.አ. በ2011 ይህንኑ ፈትነዋል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን እያየ የሐሳቦቹን ትስስር በሥዕል ነደፈ። ይህ ኮንሰፕት ማፕ የሚባለውና ግንዛቤን ያሰፋል ተብሎ የሚወደደው ዘዴ ነው። ሌላው ቡድን አነበበ፣ ዘጋ፣ ያስታወሰውን ጻፈ። ከሳምንት በኋላ በጽሑፉ ላይ በቀጥታ በሌሉ፣ ማገናዘብ በሚጠይቁ ጥያቄዎችም ጭምር ያስታወሱት በለጡ። በሌላ ሙከራ የመጨረሻው ፈተና ራሱ ያንኑ ሥዕል መሥራት ነበር። እዚያም እነሱ በለጡ። ሽምደዳ የምንለው ሳይገባ ቃል በቃል መያዝ ነው። እዚህ ተማሪው በራሱ አነጋገር፣ በራሱ ቅደም ተከተል እንደገና እየገነባ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፤ እነዚህ ጽሑፎች አጭር ናቸው። የአንድ ሴሚስተር ቴርሞዳይናሚክስ አይደሉም። እርስ በርሱ በጣም የተሳሰረ፣ ውስብስብ ትምህርት ላይ ጥቅሙ ይቀንሳል አይቀንስም የሚለው በመስኩ አሁንም ያከራክራል።

አሁን ወደ መውጫ ፈተናው ልምጣ። በ2015 ዓ.ም በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ተግባራዊ ከሆነ ወዲህ ተመራቂዎች እጅ ላይ የማይጠፋ ፒዲኤፍ አለ። ካለፉት ዓመታት የተለቀሙ ጥያቄዎች ናቸው፤ ትክክለኛው መልስ በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል። ተማሪው ጥያቄውን ያነባል፣ ዓይኑ ቢጫው ላይ ያርፋል፣ «አዎ፣ ይሄን አውቀዋለሁ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ሁለት መቶ ጥያቄ ሠራሁ ይላል። አልሠራም፤ አንብቧል። ጽሑፉን ደጋግሞ እንዳነበበው ቡድን። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ መልሱን በወረቀት ሸፍኖ፣ ከተቻለ አማራጮቹንም ሸፍኖ፣ መጀመሪያ የራስን መልስ መጻፍ። ከዚያ መግለጥ። ከዚያ ለምን ሌሎቹ እንዳልሆኑ ለጓደኛ ማስረዳት። የተሳሳቱትን ለይቶ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መመለስ። ቀን መዝለሉም ራሱን የቻለ ጥቅም አለው።

ለመምህሩስ? ሁለት መቶ ተማሪ የያዘ አዳራሽ ውስጥ ኩይዝ ማረም ጣጣ ነው፣ አውቃለሁ። ማረም ግን ግዴታ አይደለም። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀር ስላይዱን ያጥፉት። ደብተር ይዘጋ። ሁሉም የዛሬዎቹን ሦስት ዋና ሐሳቦች ይጻፍ። ከዚያ ደብተሩን ገልጦ የጎደለውን በሌላ ቀለም ራሱ ይሙላ። ወረቀቱ አይሰበሰብም፣ ነጥብ የለውም። በሚቀጥለው ሳምንት መግቢያ ላይ ስላለፈው ርዕስ አንድ ጥያቄ ይጣል፣ ሁሉም ጽፎ ከጨረሰ በኋላ መልሱ ይነገር። እጅ ያወጣውን አንድ ልጅ ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ ያን ጊዜ የሚያስታውሰው እሱ ብቻ ነው። የግድ ነጥብ መያዝ አለበት ከተባለም ለተሳትፎ ብቻ ይሁን፣ መልሱም በዚያው ክፍለ ጊዜ ይሰጥ።