በድሬዳዋ ቤት ውስጥ ስፖርት መሥራት

ቤት ውስጥ ስፖርት መሥራት ጂም ሳይገቡ፣ በገዛ ሰውነት ክብደትና ቤት ባለ ዕቃ ብቻ ጡንቻን፣ ልብንና ሳንባን ማሠራት ነው። ለጀማሪ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ባዶ ወለል፣ የማይንቀሳቀስ ወንበር፣ ግድግዳና ውኃ የሞላ ጀሪካን ይበቃሉ። ድሬዳዋ ላይ ግን ከእንቅስቃሴው በፊት መመረጥ ያለበት ሰዓቱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐረር ለእኩለ ቀን ስፖርት ትመች ይሆናል፤ ድሬ ላይ በዚያ ሰዓት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መዝለል ድካሙ ያይላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በሙቀት ጊዜ ልብ ደምን ወደሚሠራው ጡንቻ ብቻ ሳይሆን ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳም ይልካል። ስለዚህ ያው ቁጭ ብድግ በብርድ ከተማ ከሚጠይቀው የበለጠ የልብ ምት ይጠይቃል። ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ከደጋ መጥቶ በደረሰ ማግስት የለመደውን ያህል የሚሠራ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢይዘው አይግረመው።

አመቺው ጊዜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላም ይሆናል፤ ግን ቀኑን ፀሐይ ሲመታው የዋለ ግድግዳ ሙቀቱን እስከ ሌሊት ስለሚተፋ ከክፍል ይልቅ በረንዳ ይሻላል። ቬንትሌተር የሚረዳው ላቡን አድርቆ ነው፤ መብራት ከጠፋ ፊትና ክንድን በእርጥብ ጨርቅ መዳበስ የተወሰነ ያካክሳል። ከመጀመር ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ መጠጣት፣ በመሃል ደግሞ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ መጎንጨት ይመከራል። ለግማሽ ሰዓት ሥራ ንጹሕ ውኃ ይበቃል፤ ስኳር የበዛበት ለስላሳ አያስፈልግም።

የጠዋቱ ቅዝቃዜ አንድ ጣጣ አለው። ደንጌና ቺኩንጉንያ የተባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትናደፍ ሆና በተለይ ማለዳና አመሻሽ ላይ ትበረታለች፤ የምትራባውም ውኃ ሲቋረጥ ተብሎ በሚጠራቀምበት በርሜልና ባልዲ ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጌ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች። ግቢ ውስጥ የሚሠራ ሰው በርሜሉን ይክደን፣ እግሩን የሚሸፍን ስስ ሱሪ ይልበስ። ትኩሳት የያዘው ሰው ስፖርቱን ጭራሽ ማቆም አለበት። የቺኩንጉንያ የመገጣጠሚያ ሕመም ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችልም ሲመለስ በቀስታ መራመድ ይጀምር፤ ዝላይ ይቆየው።

ጥቅሙን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እያወሩ የሚሠሩት፣ ዘፈን ግን የማያስዘፍን ነው። ቀድሞ አንድ ጊዜ ቢያንስ 10 ደቂቃ መሆን አለበት ይባል ነበር፤ ያ ቀርቷል፣ አምስት ደቂቃም ይቆጠራል። ደም ግፊት ያለበት ሰው አዘውትሮ ሲንቀሳቀስ የላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ነጥብ ሊወርድለት ይችላል። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም ይስባል፤ ይህ ውጤት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ስለሚቆይ ስኳር ሕመምተኞች ከሁለት ቀን በላይ አከታትለው እንዳያርፉ ይመከራሉ። ባጃጅ ከበር እስከ በር በሚያደርስበት ከተማ ይህ ጥቅም ቀላል አይደለም።

ለጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ 25 ደቂቃ ይበቃል። አምስቱ ደቂቃ ማሟሟቂያ ነው፤ ባሉበት መራመድ፣ ትከሻን ማዞር፣ ጉልበትን ወደ ሆድ ማንሳት። ቀጥሎ ቁጭ ብድግ ይመጣል። ከወንበር ፊት እግርን በትከሻ ስፋት ከፍቶ መቆም፣ ቂጥን ወደ ኋላ እየላኩ ወንበሩን እስኪነካ በሦስት ሰከንድ መውረድ፣ ሳይዘፈዝፉ መነሣት፤ 8 ጊዜ። ተረከዝ ከወለሉ መነሣት የለበትም፤ ጉልበትም ወደ ውስጥ መውደቅ የለበትም፣ የእግር ጣቶችን አቅጣጫ ይከተል። የፕላስቲክ ወንበር በሴራሚክ ወለል ላይ ስለሚንሸራተት ጀርባው ግድግዳ ይደገፍ።

ፑሽ አፕ የሚጀመረው መሬት ላይ ሳይሆን በግድግዳ ነው። አንድ እርምጃ ያህል ርቆ፣ እጅን በደረት ከፍታ አድርጎ 10 ጊዜ፤ ሲቀል ወደ መስኮት ደፍ፣ ከዚያ ወደ አልጋ ጠርዝ፣ በመጨረሻ ወደ ወለል ይወርዳል። ለጀርባ ደግሞ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ማለትም 5 ኪሎ፣ ይያዛል። በአንድ እጅ ወንበር ተደግፎ፣ ከወገብ ጎንበስ ብሎ፣ ጀርባን ሳያጎብጡ ክርንን ወደ ዳሌ መሳብ፣ በየእጁ 8 ጊዜ። ጀሪካኑ እስከ አፉ ይሞላ፤ በግማሽ የተሞላው ውኃው ሲናጥ ክብደቱን ወዲያ ወዲህ እያደረገ አንጓን ይጠመዝዛል። ለደካማ ክንድ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። መጨረሻ ላይ በጉልበት ተንበርክኮ ፕላንክ፣ ማለትም በክርንና በጉልበት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት፣ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ። ወገብ ከሰመጠ ሰዓቱ ባያልቅም ይቁም።

አራቱ እንቅስቃሴዎች ሁለት ዙር ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ዕረፍት። ሲገፉ ወይም ሲነሡ ማስተንፈስ ግድ ነው፤ ትንፋሽ መያዝ ግፊትን በቅጽበት ያሻቅባል። ነጠላ ጫማ ይውለቅ፤ ሽርጥ ወይም ረጅም ድሪያ የለበሰ ደረጃ መውጣትና ገመድ ዝላይ ቢያስቀር ይሻለዋል። 12 ጊዜ ሠርቶ ሁለት ሦስት ተጨማሪ ይቀረኛል የሚል ሰው አንድ ነገር ብቻ ይጨምር፦ ወይ ቁጥሩን፣ ወይ ዙሩን፣ ወይ ክብደቱን። ብዙዎች የሚያቆሙት ስፖርቱ ከብዷቸው አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን 50 ቁጭ ብድግ ሠርተው በማግስቱ ደረጃ መውረድ ስላቃታቸው ነው። የጡንቻ ሕመም ከ24 እስከ 72 ሰዓት መቆየቱ የተለመደ ነው፤ መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ መቆም ይገባል።

ከበርጫ በኋላ መሥራት አደገኛ ልማድ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ድካምንም ይደብቃል፤ ሰውየው በምርቃና ብርታት የተሰማው ይመስለዋል፣ ልቡ ግን አስቀድማ እየሮጠች ነው። እንቅልፍ ስለሚያሳጣም የነገውን ማለዳ ይወስዳል። በረመዳን ከማፍጠሪያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቀለል ያለ ሥራ፣ ወይም ካፈጠሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ ይመረጣል። በዐቢይ ጾም ጡንቻ የሚጠግነውን ፕሮቲን ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ይሰጣሉ።

የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ ኢንሱሊን ተጠቃሚ ስኳሩ እንዳይወርድበት ከረሜላ ወይም ቴምር አጠገቡ ያስቀምጥ። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ወይም ራስ መሳት ካጋጠመ ወዲያው ቆሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በሙቀት የተጎዳ ሰው ንግግሩ ከተምታታ ጥላ ውስጥ አስተኝቶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ ውኃ እያርከፈከፉ ማራገብ፣ ወዲያውም ሆስፒታል ማድረስ ነው፤ ራሱን ለማያውቅ ሰው በአፍ ውኃ አይሰጥም።

በዕረፍት ቀናት 30 ደቂቃ የእግር ጉዞ ይሟላል። ለዚህ ሜዳማና ዛፍ ጥላ የሚያደርግበት የከዚራ ሰፈር ጎዳና ከመጋላ ሰፈር ግርግር ይሻላል፤ ሳቢያን ሰፈር ያለ ሰው ግን ፀሐይ ሳትወጣ ቢጀምር ጥሩ ነው።