«ሥራዬ ራሱ ይናገራል» እና ሌሎች ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች የምንሳሳትባቸው ነገሮች

በአንድ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ውስጥ ቡድን እመራለሁ። ሥራ ሊጀምሩ የተዘጋጁትም፣ ጀምረው ግራ የገባቸውም ወጣቶች ምክር ይጠይቁኛል። ጥያቄያቸው ይለያያል፤ ከጀርባው ያለው የተሳሳተ እምነት ግን ሁሌም ያው ነው። በየጊዜው ከማስረዳት አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

«እዚያ ከተቀጠርክ በቃ፣ ሕይወትህ ተስተካከለ»

አልተስተካከለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ጎግል 12,000፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ 10,000 ሠራተኞችን እንደሚቀንሱ አስታወቁ። ሁለቱም ትርፋማ ነበሩ። አሜሪካ ያሉት የጎግል ሠራተኞች መቀነሳቸውን ያወቁት በኢሜይል ነው። የኩባንያው ግዙፍነት ኩባንያውን እንጂ የእናንተን ወንበር አይጠብቅም።

«ቢሮው ውስጥ ያለ ሁሉ የኩባንያው ሠራተኛ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ መረጃ መሠረት ለጎግል በጊዜያዊነትና በኮንትራት የሚሠሩት 121,000 ገደማ ነበሩ፤ ቋሚ ሠራተኞቹ 102,000 ገደማ። ጎን ለጎን ተቀምጦ መሥራት አንድ ዓይነት ቦነስ ወይም አንድ ዓይነት የዕድገት መንገድ አይሰጥም። ውሉ ላይ አሠሪ ተብሎ የተጻፈው ማን እንደሆነ ሳታነቡ አትፈርሙ።

«ሥራዬን በደንብ ከሠራሁ ሥራው ራሱ ይናገራል»

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ይሄኛው ነው። ጎበዝ ጎበዝ ሰዎች ሲጎዱበት አይቻለሁ።

በብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች የዓመቱን ውጤታችሁን የሚወስነው የቅርብ ማኔጀራችሁ ብቻ አይደለም። ካሊብሬሽን የሚባል ስብሰባ አለ። የተለያዩ ቡድኖች ማኔጀሮች፣ ብዙ ጊዜም ከተለያየ አገር በቪዲዮ፣ አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ከፍተው ይቀመጣሉ። በየረድፉ ስም፣ የሥራ ደረጃና የታሰበው ውጤት ተጽፏል። ተራችሁ ሲደርስ ማኔጀራችሁ ይናገራል። ከዚያ በሕይወቱ አግኝቷችሁ የማያውቅ ሰው «በሷ ሥራ ምን ተለወጠ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «በጣም ታታሪ ናት» ብቻ ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ። ወደ ቀጣዩ ስም ይታለፋል።

አንዲት የፋይናንስ ባልደረባችንን ላንሳ። በእህት ኩባንያዎች መካከል ያለውን ሂሳብ ማስታረቅ በየወሩ ብዙ ቀን ይፈጅ ነበር። እሷ አሠራሩን ከሥሩ ቀየረችው። ለማንም አልተናገረችም፤ ሥራዬ ነው ብላ። ማኔጀሯ ለቦታው አዲስ ነበር፤ እሷ ከመቀየሯ በፊት የነበረውን ሁኔታ አያውቅም። ስብሰባው ላይ ያለው «ሥራዋን አታዘገይም» ብቻ ነው። መካከለኛ ውጤት ተሰጣት። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ሥራ ወደ ሌሎች አገሮች ቢሮዎች ስታስፋፋ፣ ድሮ ስንት ቀን ይወስድ እንደነበር፣ አሁን ስንት እንደሚወስድና የትኞቹ ቢሮዎች እንደሚጠቀሙበት በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጽፋ ላከችለት። ማኔጀሯ ያንን ቃል በቃል አነበበው። ደረጃዋ አደገ።

«ይህን ያህል ሠራተኛ የግድ ዝቅተኛ ውጤት ያግኝ የሚለው ኮታ ቀርቷል አይደል?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በዋና ሥራ አስፈጻሚው በጃክ ዌልች ዘመን ሠራተኞችን ደረጃ አውጥቶ ከታች ያሉትን 10 በመቶ ያሰናብት ነበር፤ ማይክሮሶፍትም በግዴታ የሚያከፋፍለውን ምዘና እ.ኤ.አ. በ2013 ትቷል። ግን የቦነስና የዕድገት በጀት የትም ቢሆን ወሰን አለው። ወሰን ካለ ደግሞ ማወዳደር አይቀርም።

ስለዚህ በየሳምንቱ መጨረሻ ለራሳችሁ ማስታወሻ ያዙ፦ ምን ሠራሁ፣ ማን ተጠቀመበት፣ በፊት ምን ነበር፣ አሁን ምን ሆነ። በወር አንዴ አሳጥራችሁ ለማኔጀራችሁ ላኩ። ሌላ ቡድን ካመሰገናችሁ፣ ምስጋናውን ለማኔጀራችሁም እንዲጽፍ ጠይቁት። ምዘናው ከመድረሱ ወራት በፊት «ስሜ ሲነሳ ስለኔ ምን ትላለህ?» በሉት። የሚለው ካጣ ገና ጊዜ አላችሁ። ማኔጀር ደግሞ ይቀያየራል፤ አዲሱ ስለ እናንተ የሚያውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው።

ይህ ልታይ ልታይ ማለት አይደለም። ያልሠራችሁትን ጻፉ አላልኩም። ስለ እናንተ ለሚከራከር ሰው መከራከሪያ እየሰጣችሁት ነው።

«የሰው ሀብት ክፍል የሠራተኛው ጠበቃ ነው»

እዚያ ክፍል ውስጥ ቅን ሰዎች አውቃለሁ። ሥራቸው ግን ኩባንያውን ከክስና ከኪሳራ መጠበቅ ነው። የእናንተ ጥቅም ከዚያ ጋር ሲገጥም በደንብ ይረዷችኋል። ካልገጠመ አትጠብቁ። ቅሬታ ካላችሁ ቀኑን፣ የተባለውንና የነበሩትን ሰዎች ጽፋችሁ አስገቡ። በቃል ብቻ የቀረበ ነገር ኋላ ማስረጃ አይሆናችሁም።

«እንግሊዝኛው የሚያምር ነው የሚያድገው»

አይደለም። ስብሰባ ላይ ያለው አብዛኛው ሰው እንግሊዝኛን የተማረው በትምህርት ቤት ነው። አጭርና ግልጽ የሚናገር ሰው ይሰማል።

«አክሲዮን ሰጥተውኛል፣ የኔ ነው»

ገና አይደለም። የተለመደው አሠራር በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ እናንተ ማስተላለፍ ነው። አንዳንዱ ኩባንያ የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላ ለሚወጣ ሰው ምንም አይሰጥም። ከመፈረማችሁ በፊት በየትኛው ቀን ስንት እንደሚገባላችሁ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ በጽሑፍ ጠይቁ።