«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፦ ከፊልም ጥቅል እስከ ሜሞሪ ካርድ

አነጋገሩ ከአለባበስ የተወሰደ ነው። ሴቷ ወገቧን በመቀነት ሸብ አድርጋ፣ መንገደኛውም ኩታውን ታጥቆ ይነሳል። ተረጋግተው ያጠበቁት ትጥቅ ዳገት ቁልቁለቱን ይችላል፤ እየሮጡ ያሰሩት ግን የሚላላው ደርሰው ሲያርፉ ሳይሆን እግር በፈጠነበት ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ «አትቸኩል» ለማለት ብቻ ስለሚጠቀስ ዋናው ነገር ይቀራል፦ የጥድፊያ ሥራ የሚከዳው እጅግ በሚያስፈልግበት ቦታ ነው። ይህ ለፊልም ሥራ በትክክል ይገጥማል።

በፊልም ጥቅል ዘመን አስቀድሞ መታጠቅ ግዴታ ነበር። ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ሲሄድ በደቂቃ 90 ጫማ ይበላል። የ400 ጫማ ጥቅል አራት ደቂቃ ተኩል አይሞላም፤ ትልቁ የ1000 ጫማ ጥቅልም 11 ደቂቃ ገደማ ነው። ጥቅሉ ውድ ነው፤ የተቀረጸውም ላቦራቶሪ ታጥቦ እስኪመጣ አይታይም። ስለዚህ ካሜራው ሳይነሳ ብርሃኑ በመለኪያ ይነበባል፣ ከሌንሱ እስከ ተዋናዩ ያለው ርቀት በሜትር ይለካል፣ ልምምዱ ይደጋገማል። ከቀረጻ በኋላም ፊልሙ የሚያልፍበት መስኮት ይፈተሻል፤ እዚያ የተሰነቀረች አንዲት ፀጉር ሙሉ ትዕይንት ታበላሻለች። የ24 ፍጥነትም ቢሆን መደበኛ የሆነው በ1920ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ድምፅ ሲገባ ነው፤ ፍጥነቱ ከተለዋወጠ ድምፁ ይዛባልና።

ዲጂታል ይህን ግዴታ አነሳው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ለሚቀርጽ ካሜራ 64 ጊጋባይት ካርድ ከ80 ደቂቃ በላይ ይበቃል፤ ምስሉም ወዲያው ይታያል። ትልቅ ጸጋ ነው። «ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» የሚለው ልማድ የበረታውም ከዚሁ ጋር ነው።

ጎንደር ላይ ጥምቀትን የሚቀርጽ ሰው አነጋገሩን በተግባር ያገኘዋል። ጥር 11 ማለዳ በፋሲለደስ መዋኛ ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ ዘለው ሲገቡ «ድገሙልን» አይባልም። ትጥቁ በከተራ ማለቅ አለበት።

መጀመሪያ ብርሃኑ። ካሜራው በአውቶማቲክ ከተተወ፣ በነጠላ የተሞላውን ሜዳ አይቶ ምስሉን ስለሚያጨልም የሰው ፊት ይጠቁራል። ወደ ሰው ፊት ጠጋ ሲባል ደግሞ ነጩ ይቃጠላል፤ ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። ኔጌቲቭ ፊልም ከልክ ያለፈ ብርሃንን በብዙ ይታገሥ ነበር፤ በዲጂታል የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም። ስለዚህ በእጅ መቆጣጠር፣ ዜብራውን (እጅግ የበራውን ቦታ በሰያፍ መስመሮች የሚያሳየውን የካሜራ ምልክት) 95 በመቶ ላይ ማብራት፣ መስመሮቹ ነጠላው ላይ ሲወጡ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) ጠበብ ማድረግ ይሻላል።

ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ምስል፣ ሹተሩ (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁን። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ጎህ ሳይቀድ በመብራት የሚቀረጸው በዚህ ልክ ብልጭ ድርግም አይልም። ፀሐይ ስትወጣ ሹተሩን ማፍጠን ይቀላል፤ ነገር ግን እንቅስቃሴውን ያንቀጠቅጠዋል፣ የውኃውን ፍንጣሪም አየር ላይ የቆመ ያስመስለዋል። በጠራ ፀሐይ ኢሶ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ 1/50 ሹተር አፐርቸር 22 ይጠይቃል (ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል)፤ ብርሃኑን ስድስት ስቶፕ (ስድስት ጊዜ በግማሽ በግማሽ) የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ሌንሱ ላይ የሚገጠም ጠቆር ያለ መስታወት፣ ወደ 2.8 ያወርደዋል። ፊልተሩ አስቀድሞ ከሌንሱ አፍ ጋር ተለክቶ ካልተገዛ በዚያ ግርግር መሀል አይገኝም።

በስልክ ለሚቀርጹ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ብዙ ስልኮች ብርሃን ሲያንስ የምስሉን ፍጥነት ራሳቸው ይለዋውጣሉ፤ በሌላ መሣሪያ የተቀዳው መዝሙርና ከበሮ ከምስሉ እየራቀ ይሄዳል። ፍጥነቱን 25 ላይ በሚያጸና መተግበሪያ መቅረጽና በየቀረጻው መነሻ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ሁለቱን ያገጣጥማል።