አራት ጓንት ይዞ የሚዞረው ሰው፦ የቤዝቦል ሁለገብ ተጫዋች

ቤዝቦል ውስጥ አንድ የሥራ ዓይነት አለ። ፈረንጆቹ ዩቲሊቲ ይሉታል፤ እኛ ሁለገብ ብንለው ያስኬዳል። ሰውዬው ዛሬ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ይቆማል (ቤዝ ማለት ሯጩ በየተራ እየረገጠ የሚያልፋቸው ማረፊያዎች ናቸው)። ነገ ሦስተኛ ላይ። ከነገ ወዲያ የሌላው ወገብ ሲያዝ የእሱን ቦታ ይሸፍናል። አርብ ደግሞ ምንም የለም፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሱፍ ሲፈለፍል ያመሻል። (አዎ፣ የሱፍ አበባው ፍሬ። የቤዝቦል ሰዎች ሱፍ እየፈለፈሉ ቅርፊቱን መትፋት ልማዳቸው ነው፤ ከጨዋታ በኋላ የወንበሩ ሥር ሠርግ ቤት ይመስላል።)

የሥራውን ዓይነት ለማወቅ ቦርሳውን መክፈት ይበቃል። ሌላው ተጫዋች አንድ ጓንት ለምዶ፣ አለስልሶ፣ እንደ ልጁ ይዞ ይዞራል። ሁለገቡ ሦስት አራት አለው። ለሁለተኛ ቤዝና ለሾርትስቶፕ የሚያደርገው ትንሽና ጥልቀት የሌለው ነው፣ 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ ኳሷ እንደገባች መንጭቆ ለመወርወር እንዲመች። ከኋላ ሣሩ ላይ ሲቆም የሚያደርገው 32 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሩቅ ሮጦ የሚቀልባት ኳስ እንዳታመልጥ ኪሱ ጥልቅ ነው። አንደኛ ቤዝ ደግሞ ጣት የሌለው፣ ሰፊ አፍ ያለው የራሱ ጓንት አለው። ሁሉም በየተራ ተለስልሰው ዝግጁ መሆን አለባቸው፣ ምክንያቱም የትኛው ዛሬ እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ከሰዓት በኋላ የአሰላለፉ ወረቀት ሲለጠፍ ነው።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ሜዳ ላይ የሚከላከሉት 9 ናቸው። ወርዋሪው ፒቸር፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበለው ካቸር፣ ራቅ ብለው ሣሩ ላይ የሚቆሙ 3 ሰዎች፣ ከዚያ የውስጥ ሜዳ የሚባሉት 4፦ አንደኛ ቤዝ፣ ሁለተኛ ቤዝ፣ ሦስተኛ ቤዝ፣ እና በሁለተኛውና በሦስተኛው መሀል የሚቆመው ሾርትስቶፕ። ከቤዝ ቤዝ 27 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ከሩቅ ለሚያይ አራቱም አንድ ሥራ ይመስላሉ፤ ግን በጭራሽ አይደሉም። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ማሰቢያ ጊዜ የለም፤ ኳሷ ዱላውን ለቀቀች ሲባል ደረት ላይ ደርሳለች። ሾርትስቶፕ ሰፊ ቦታ ሸፍኖ፣ ከሩቅ፣ ብዙ ጊዜም ሰውነቱ ሳይስተካከል መወርወር አለበት፤ ከአራቱ ከባዱ እሱ ነው። ሁለተኛ ቤዝ የሚቆመው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ሁለት ተጋጣሚ ባንዴ ለማስወጣት (ሦስት ሰው ከወጣ የመቺው ቡድን ተራ ያበቃል) ሾርትስቶፑ የወረወረለትን ተቀብሎ፣ ቤዙን በእግሩ ነክቶ፣ ዞሮ ወደ አንደኛ ቤዝ መወርወር አለበት፤ ይሄን ሁሉ ሲያደርግ ሯጩ ከማያየው በኩል እየተንሸራተተ እየመጣበት ነው። ድሮ ሯጩ ሆን ብሎ እግሩን ይጠልፈው ነበር፤ ከ2016 ወዲህ ሕግ ከልክሎታል። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ለዚህ ነው አብዛኛው ሁለገብ ተጫዋች በልጅነቱ ሾርትስቶፕ የነበረው። ከከባዱ ወደ ቀላሉ መውረድ ይቻላል። ከቀላሉ ወደ ከባዱ መውጣት ግን እንጃ።

ቡድኖች ይሄን ሰው ለምን ይፈልጉታል? ነገሩ ተራ ሒሳብ ነው። የሜጀር ሊግ (የሰሜን አሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ) ቡድን ከ2020 ጀምሮ 26 ሰው ነው የሚይዘው፤ ቀድሞ 25 ነበር። ከነዚህ ውስጥ እስከ 13ቱ ፒቸሮች ናቸው። የቀሩት 13። ከ13ቱ 9ኙ በየቀኑ ይሰለፋሉ፣ መምታት ብቻ ሥራው የሆነውን ጨምሮ። አንዱ ተጠባባቂ ካቸር ነው፤ እሱን ማንም አይነካውም። ስለዚህ ለቀረው ሜዳ ሁሉ መጠባበቂያ የሚሆኑት 3 ሰዎች ብቻ ናቸው። ከሜዳ የወጣ ተጫዋች ደግሞ በዚያ ጨዋታ ተመልሶ አይገባም። መደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ ነው፤ ስድስት ወር፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። አንድ ሰው አራት ቦታ መሸፈን ካልቻለ አሰልጣኙ ያልቅለታል።

አንዳንዴ ነገሩ ትርኢትም ይሆናል። በመስከረም 1965 የካንሳስ ሲቲው ኩባዊ በርት ካምፓኔሪስ በአንድ ጨዋታ 9ኙንም ቦታ ተጫወተ፤ በሜጀር ሊግ የመጀመሪያው እሱ ነው። የቡድኑ ባለቤት ተመልካች ለመሳብ ያዘጋጀው ነገር ነበር። ካምፓኔሪስ በየኢኒንጉ (ሁለቱም ቡድን በየተራ የሚመቱበት ዙር ነው፤ መደበኛው ጨዋታ 9 አለው) ቦታ እየቀያየረ መጨረሻ ላይ ካቸር ሆነ፣ እዚያ ወደ ቤት (መቺው የሚቆምበት፣ ሯጩ ሲደርስ ነጥብ የሚቆጠርበት የመጨረሻው ቤዝ) ከሚሮጥ ተጋጣሚ ጋር ተላትሞ ትከሻውን ተጎድቶ ወጣ። ለትኬት ሽያጭ ሲባል ሾርትስቶፕህን ካቸር አድርገህ ማስቀጥቀጥ! ከእሱ በኋላ ያደረጉት አራት ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻው የዲትሮይቱ አንድሩ ሮማይን ነው፣ በ2017።

የሴንት ሉዊሱ ፖርቶሪካዊ ሆሴ ኦኬንዶ ደግሞ ለትርኢት ሳይሆን ለችግር ነው የተጠራው። በ1988 ግንቦት ከአትላንታ ጋር ጨዋታው 19 ኢኒንግ ድረስ ሄደ። ፒቸር አለቀ። ኦኬንዶ ወጥቶ 4 ኢኒንግ ወረወረ፣ ተሸነፈም፣ ሽንፈቱም በስሙ ተመዘገበ። በዚያው ዓመት 9ኙንም ቦታ ነክቷል። በቀጣዩ ዓመት ግን ሁለተኛ ቤዝን ለብቻው ያዘ፤ ይሄ ለብዙዎቹ የማይደርስ ዕድል ነው።

እዚህ ጋ ነው የሥራው እሾህ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ሁለገቡ አራት ባላ ተክሏል፤ ስለዚህ ከቤት አይባረርም። ግን ቡድኑም «ይሄማ የትም ይገባል» እያለ አንዱን ቦታ ይሄ ያንተ ነው ብሎ አይሰጠውም። ችሎታው በር ይከፍትለታል፣ ያው ችሎታው በረንዳ ላይ ያስቀረዋል። እኔ ስፖርቱን ማየት ስጀምር እነዚህን ሰዎች ከቁም ነገር አልቆጥራቸውም ነበር፤ አሁን አሰላለፍ ሲወጣ መጀመሪያ የማየው እነሱ የት እንደቆሙ ነው።

ገንዘቡም ላይ ያው ነው። የሜጀር ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2025 በዓመት 760,000 ዶላር ነበር። ሲሰሙት የጉድ ነው፤ ግን የሚታሰበው በሊጉ ላይ በቆዩበት ቀን ልክ ነው። 172 ቀን አንድ ዓመት ተብሎ ይቆጠራል፣ ከቡድን ቡድን በነፃነት ለመሄድ ደግሞ ስድስት ሙሉ ዓመት ያስፈልጋል። ቡድኑ ወጣት ተጫዋቹን ለሦስት የውድድር ዓመታት ወደ ማይነር ሊግ፣ ማለትም ከሜጀር ሊግ በታች ወዳሉት ሊጎች፣ መላክና መመለስ መብቱ ነው፤ አንዱ ኮከብ ከጉዳት ሲመለስ ሻንጣ የሚያስይዙት ይሄን ሰው ነው። ከሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ትሪፕል ኤ፣ ገና ከዋናው ዝርዝር ያልገባ ተጫዋች ዝቅተኛ ደመወዙ በ2023 35,800 ዶላር ነበር። ያን ዓመት ላይኛው ቤት 720,000 ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ የሌላ ሰው የጉልበት ሕመም ብቻ ነው።

ከታች ተነስቶ ይሄን ሥራ ያስከበረው ቤን ዞብሪስት ነው። የኢሊኖይ የትንሿ ዩሪካ ከተማ የፓስተር ልጅ፣ በ1981 የተወለደ። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ የጠራው ኮሌጅ አልነበረም። 50 ዶላር ከፍሎ አንድ የሙከራ ልምምድ ላይ ቀረበ፣ እዚያ አንድ ትንሽ የክርስቲያን ኮሌጅ አየው። በ2004 ሂውስተን በሊጉ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በ6ኛው ዙር መረጠው፤ በ2006 ሐምሌ በልውውጥ ለታምፓ ቤይ ሰጠው። ሾርትስቶፕ ሆኖ ነው የመጣው። በ2006 የመምታት አማካዩ .224 ነበር። ደካማ ነው። በ2007 .155 ሆነ። ይሄ ማለት ከመቶ ሙከራ 15 ወይም 16 ጊዜ ብቻ ነው የተሳካለት፤ በዚህ ቁጥር ሜጀር ሊግ የሚቆይ የለም፣ እሱም ወደ ታች ወረደ። ዕድሜው 26 ነው። ብዙው ታሪክ እዚህ ያልቃል፣ ስሙንም ማንም አያስታውስም።

ዞብሪስት ግን በግራም በቀኝም የሚመታ፣ ዓይኑ ትዕግሥተኛ የሆነ ሰው ነበር፤ መጥፎ ኳስ አያባርርም። በ2008 ኃይል ጨምሮ ተመለሰ። በ2009 አሰልጣኙ ጆ ማደን ሜዳውን ሁሉ አዞረው። ከፒቸርና ከካቸር በስተቀር 7ቱም ቦታ ላይ ቆመ፣ እንደዚያ እየዞረም 27 ሆም ራን (ኳሷን ከአጥሩ ባሻገር የሚሰድ፣ መቺው ራሱ ነጥብ የሚያገኝበት ምት) መታ፣ .297 አስመዘገበ፣ የሊጉ ምርጦች ለሚጋጠሙበት የኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። «ዞሪላ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ከዚያ በፊት ሁለገብ ማለት «የትም ቦታ ቋሚ የማይሆን» ማለት ነበር። እሱ በየቀኑ ይሰለፋል፣ የሚቀያየረው ቦታው ብቻ ነው። ለኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው፤ ከተጠባባቂነት ወደ ተሰላፊነት፣ ጓንቶቹን ሳይጥል።

ገንዘቡ ግን ወዲያው አልተከተለም። በ2010 የፈረመው ለ4 ዓመት 18 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለቡድኑ የመርካቶ ርካሽ ዕቃ። ጥር 2015 ታምፓ ቤይ ለኦክላንድ አሳለፈው። ሚያዝያ ላይ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገ። ሐምሌ ላይ ካንሳስ ሲቲ የግራ ሜዳ ተጫዋቹ (ሣሩ ላይ በግራ በኩል የሚቆመው) ተጎድቶበት ስለነበር ወሰደው። ዞብሪስት ያንን ቀዳዳ ደፈነ፣ የተጎዳው ሲመለስ ደግሞ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ዞረ፣ በዚያው ዓመት ዋንጫ በላ። በአንድ ዓመት ሦስት ቡድን፣ አንድ ቀዶ ሕክምና፣ አንድ የሻምፒዮንነት ቀለበት። በታኅሣሥ፣ 34 ዓመቱ ላይ፣ ቺካጎ ካብስ የ4 ዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። እዚያ የጠበቀው አሰልጣኝ ያው ማደን ነው።

ካብስ ከ1908 ጀምሮ ዋንጫ አላነሳም ነበር። ኅዳር 2 ቀን 2016፣ ክሊቭላንድ፣ የፍጻሜው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ። የካብስ መሪነት 8ኛው ኢኒንግ ላይ በሆም ራን ብን ብሎ ጠፍቷል፣ 6 ለ 6። 9ኛው እንዳለቀ ዝናብ መጣ፣ ሜዳው ላይ ሸራ ተጎተተ። 17 ደቂቃ። ሲመለሱ፣ 10ኛው ላይ፣ ክሊቭላንዶች ከዞብሪስት በፊት የሚመታውን አንቶኒ ሪዞን ሆን ብለው ሳይመታ ወደ አንደኛ ቤዝ በነፃ አሳለፉትና ዞብሪስትን መረጡ። ኳሷን በሦስተኛ ቤዝ በኩል በመስመሩ አጠገብ ሰደዳት። ሯጩ ገባ። 8 ለ 7 አለቀ፣ የፍጻሜው ኮከብም እሱ ተባለ። የሚያስቀው፣ በዚያ ዓመት ለኮከቦች ጨዋታ በቋሚነት የተመረጠው በሁለተኛ ቤዝነቱ ነው፤ በፍጻሜው ግን ሁለተኛ ቤዙን ለወጣቱ ሃቪየር ባዬዝ ለቆ ግራ ሜዳ ላይ ነበር።

ከዚያ ያለው ቁልቁለትና ዳገት ነው። 2017 ላይ የእጅ አንጓው አሞት .232። 2018 ላይ፣ 37 ዓመት ሞልቶት፣ .305። 2019 ላይ በቤተሰብ ጉዳይ ከግንቦት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ከሜዳ ራቀ፣ መስከረም ላይ ተመልሶ ጥቂት ተጫወተና በዚያው አበቃ።

ሊጉ ራሱ ለዚህ ሥራ ክብር የሰጠው ዘግይቶ ነው። የወርቅ ጓንት ሽልማት ለሁለገብ ተጫዋች መሰጠት የጀመረው በ2022 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዲጄ ለሜሂዩና ብሬንደን ዶኖቫን ናቸው። እስከዚያ ድረስ አራት ቦታ በደንብ የተጫወተ ሰው በአንዱም አይሸለምም ነበር።

በቅርቡ የታየው ምርጥ ምሳሌ ግን ቬኔዙዌላዊው ሚጌል ሮሃስ ነው። ሜጀር ሊግ ሲደርስ 25 ዓመቱ ነበር፣ በ2014፣ በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ። በዚያው ሰኔ ፒቸሩ ክሌይተን ከርሾ አንድም ምት ሳያስመታ በጨረሰበት ጨዋታ፣ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሆኖ በጓንቱ ጀርባ በኩል ያዳናት ኳስ ባትኖር ያ ታሪክ አይኖርም ነበር። ታኅሣሥ ላይ ግን ለማያሚ ተሰጠ። በዚያው ልውውጥ ወደ ዶጀርስ ከመጡት አንዱ ኪኬ ኤርናንዴዝ ነው፣ እሱም የለየለት ሁለገብ። ሮሃስ ማያሚ ላይ ስምንት ዓመት ቆይቶ በ2023 መጀመሪያ ተመለሰ። በ2025 ጃፓናዊው ሮኪ ሳሳኪ ሲመጣ የለመደውን 11 ቁጥር ለቀቀለት፣ 72 ለበሰ።

የ2025 ፍጻሜ ከቶሮንቶ ጋር ነበር። ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ሮሃስ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ተሰለፈ። ጨዋታው ያለቀው እንዲህ ነው፦ ኪኬ ከግራ ሜዳ ሮጦ መጥቶ ቀለበ፣ ወረወረ፣ ሮሃስ ተቀበለ፣ ሁለት ሰው ባንዴ ወጣ። በ2014 የተለዋወጡት ሁለቱ ሰዎች።

በማግስቱ ሰባተኛው። ዶጀርስ 4 ለ 3 እየተመሩ 9ኛው ኢኒንግ ገባ፣ አንድ ሰው ወጥቷል፣ ሁለት ሰው ከወጣ ተራቸው ያበቃል። ዱላውን የያዘው የ36 ዓመቱ ሮሃስ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ባለሚሊዮን መቺ መሀል ለሆም ራን የሚጠበቅ የመጨረሻው ሰው። ሆም ራን መታ። 4 ለ 4። ከዚያ ቶሮንቶ በተራው ሦስቱንም ቤዝ ሞላ፣ አንድ ሩጫ ከገባ አለቀ። መሬት ለመሬት የተመታች ኳስ ወደ ሮሃስ መጣች። ተቀብሎ ተንገዳገደ፣ ወደ ኋላ ሊወድቅ ሲል ወደ ቤት ወረወራት፤ ካቸሩ እግሩን አስተካክሎ ሯጩን ቀደመው። ዶጀርስ 11ኛው ላይ 5 ለ 4 አሸነፉ።