ርቦት አይደለም፦ ስለ ኔፔንተስ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ኔፔንተስ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ማሰሮ የሚያንጠለጥል፣ ማሰሮው ውስጥ የወደቀ ነፍሳት የሚፈጭ ተክል ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎቹ የቦርኒዮ፣ የሱማትራና የፊሊፒንስ ናቸው። ለእኛ ቀረብ የሚሉት ማዳጋስካርና ሲሸልስ ይበቅላሉ። መሃል አዲስ አበባ ይህን ተክል የያዙ ሰዎች ብዙ አይደሉም። ብዙዎቹ ከውጭ በስጦታ ያገኙት ነው፤ የሚያስቀምጡትም ቴራሪየም በሚባል የመስታወት የተክል ሣጥን ውስጥ ነው። ማሰሮዎቹ መድረቅ ሲጀምሩ ታዲያ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምን ላብላው?»

እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። የት ነው ያስቀመጣችሁት? ምን ውኃ ነው የምታጠጡት? እየተዳከመ ያለ ኔፔንተስ በረሃብ ሲሞት አይቼ አላውቅም። የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ለእሱ ብለን የምናደርገው ነገር ነው።

«ርቦት ነው፣ ትንሽ ሥጋ ስጪው»

ይህ ተክል ምግቡን የሚሠራው እንደማንኛውም ተክል ከብርሃን ነው። ነፍሳት የሚይዘው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለማግኘት ነው፤ የተወለደበት መሬት እነዚህን ስለማይሰጠው። ለወራት ምንም ባይዝ አይሞትም፣ እድገቱ ብቻ ይዘገያል።

ሥጋ ግን ማሰሮውን ይገድላል። ቁርጥ ከተበላ በኋላ የተረፈች ቁራጭ ማሰሮው ውስጥ ብትገባ ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ። የደከመ ተክል ፈሳሹ ደካማ ነው፤ ሥጋውን ሳይፈጭ ባክቴሪያ ይቀድመዋል። በሁለት በሦስት ቀን ፈሳሹ ይደፈርሳል። ከዚያ የማሰሮው ሆድ ከታች ጀምሮ ቡናማ፣ ቀጥሎ ጥቁር ይሆናል፣ ሲነኩት ይልማል። ጠጋ ብትሉ የበሰበሰ ሥጋ ይሸታችኋል። እዚህ ከደረሰ ማሰሮውን ብቻ ቆርጣችሁ ጣሉ። ቅጠሉን አትንኩት፣ አሁንም እየሠራ ነው።

መመገብ ካማራችሁ አንዲት ጉንዳን ወይም አንድ ዝንብ ለአንድ ማሰሮ ይበቃል፤ ያውም በወር አንዴ። በፍሊት የሞተ ዝንብ ግን በፍጹም እንዳትሰጡት። በጉዞ ላይ ፈሳሹ ከፈሰሰ ደግሞ ማሰሮው እስከ ሩብ ወይም ሲሶው ድረስ ማዕድን የሌለበት ውኃ ጨምሩለት። እስከ አፉ አትሙሉት።

«ማሰሮው ደረቀ፣ በቃ አለቀለት»

እያንዳንዱ ማሰሮ የራሱ ዕድሜ አለው፤ ጥቂት ወራት ያገለግልና ከክዳኑ ጀምሮ ወደ ታች ይደርቃል። ረጅም መንገድ የተጓዘ ተክል ያሉትን ማሰሮዎች በሙሉ ቢያጣም አይገርምም።

ዓይናችሁን ከማሰሮው አንሱና መሃል ላይ የሚወጣውን አዲስ ቅጠል እዩ። አዲሱ ከቀድሞው እኩል ወይም የሚበልጥ ከሆነ ተክሉ ደህና ነው። ቅጠሎቹ በየተራ እያነሱ ከሄዱ ችግሩ ሥሩ ወይም ብርሃኑ ላይ ነው። ቅጠሉ ጥሩ ሆኖ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽዬ የማሰሮ እምቡጥ ሳትነፋ ጠቁራ ከደረቀች አየሩ ደርቋል ወይም ብርሃን አንሷል ማለት ነው።

«የሞቃት ጫካ ተክል ነው፣ መስታወቱን ግጥም አድርገህ ዝጋ»

ብዙ ኔፔንተስ ያለቀው በዚህ ምክር ይመስለኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ።

ኔፔንተስ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፦ ቆላማና ደጋማ። ቆላማዎቹ ሌሊትም ሙቀት ይፈልጋሉ። ደጋማዎቹ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ባሉ ተራሮች ላይ፣ ቀን ለስለስ ያለ ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ ባለበት ነው የሚኖሩት። በትልቅነቱ ስመ ጥር የሆነው ራጃ የሚባለው ዝርያ በቦርኒዮ የኪናባሉ ተራራ አካባቢ ከ1,500 እስከ 2,650 ሜትር ከፍታ ላይ ይበቅላል። አዲስ አበባ ያለችው ደግሞ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ነው! በብዙ አገር ያሉ አሳዳጊዎች ደጋማ ኔፔንተስ ለማቆየት ሌሊት በማሽን ያቀዘቅዛሉ። እኛ መስኮት መክፈት ይበቃናል።

በየሱቁ በብዛት የሚሸጠው ቬንትራታ የሚባል ድቅል ነው። ወላጆቹ የፊሊፒንስ ናቸው። እሱም ቀን ከ20 እስከ 27 ዲግሪ፣ ሌሊት ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ይስማማዋል። ይህ የአንድ ተራ አዲስ አበባ ሳሎን ሙቀት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ብቻ ከመስኮቱ መስታወት ትንሽ አርቁት፤ ለረጅም ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደበት እድገቱ ይቆማል።

አሁን ይህን ተክል የተዘጋ መስታወት ውስጥ አስገብታችሁ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ አስቀምጡት። ብርሃኑ ይገባል፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሳሎኑ 22 ዲግሪ ሆኖ ሣጥኑ ውስጥ ከ40 ሊያልፍ ይችላል። ቅጠሉ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ድረስ ይቀቀላል። ፀሐዩ ባያገኘው እንኳ የማይንቀሳቀስ እርጥብ አየር ሻጋታ ይጠራል። ግንዱ ሥር ነጭ ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሣጥኑ አየር አጥቷል ማለት ነው።

እርጥበት ግን ያስፈልገዋል፣ ይህ እውነት ነው። የማሰሮው ከንፈር ላይ ጥቃቅን መስመሮች አሉ። አየሩ እርጥብ ሲሆን በእነሱ ላይ ስስ የውኃ ሽፋን ይነጠፋል፤ ጉንዳን እግሯን ስታሳርፍ ሸርተት ብላ ትወድቃለች። ያ ከንፈር ሲደርቅ ጉንዳኗ ማሩን ልሳ በሰላም ትመለሳለች። አዲስ ማሰሮም የሚነፋው አየሩ እርጥበት ሲኖረው ነው። ከ50 እስከ 80 በመቶ ጥሩ ነው። በክረምት ይህን ያለ ምንም ልፋት እናገኛለን። አየሩ የሚደርቀው በበጋ ነው።

ስለዚህ ቴራሪየሙን አትጣሉት። ክዳኑን ከፈት አድርጉት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ከሚያርፍበት አንሱት፣ ውስጡን ጠዋት ጠዋት ማዕድን የሌለበት ውኃ ርጩበት። ተክሉን ከሣጥኑ ጨርሶ ማውጣት ከፈለጋችሁ ቀስ በቀስ ይሁን፦ መጀመሪያ ክዳኑን በጣት ስፋት፣ ከዚያ በግማሽ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሙሉ በሙሉ። በአንድ ቀን ካወጣችሁት ቅጠሉ ይጠወልጋል።

«ጥላ ነው የሚወደው»

ጥላ ውስጥ ይኖራል፣ ማሰሮ ግን አይሠራም። ቅጠሉ ረዝሞ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ብርሃን አጥሮታል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ምርጥ ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ይሙቅ። የቀትሩ ፀሐይ ግን በዚህ ከፍታ ኃይለኛ ነው፣ በስስ መጋረጃ አጣሩለት። ቅጠሉ ትንሽ ቀላ ካለ ብርሃን በደንብ እያገኘ ነው። በክረምት ደመናው ሲከብድ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት አብሩለት። መብራት አንድ ሁለት ቀን ቢጠፋ አትጨነቁ።

«የፈላ ውኃ ንጹሕ ነው»

ለእኛ ንጹሕ ነው። ለእሱ አይደለም። የኔፔንተስ ሥር ማዕድን የሌለበት መሬት የለመደ ስለሆነ በውኃው ውስጥ ያለው ጨው ቀስ እያለ ያቃጥለዋል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ አብዛኛውን ጨው አያወጣም፤ ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ጨው ይጠነክራል። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት እዩ። ሥሩ ላይም የሚጋገረው እሱ ነው። ውኃውን ሌሊቱን አሳድሮ መስጠትም ክሎሪኑን ይቀንሳል እንጂ ማዕድኑን አይነካም። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች ከሚመጣው ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል፤ ስለዚህ አንዱ ሰፈር ተክሉ የቆየለት ሰው ሌላ ሰፈር ላለው «ቧንቧ ምንም አይለውም» ቢል ምክሩ አይሠራም። የታሸገ ውኃም ማዕድን አለው። አምቦ ውኃማ ጭራሽ አይታሰብም።

የሚስማማው የዝናብ ውኃ ነው። በክረምት ጣሪያው በደንብ ከታጠበ በኋላ የሚወርደውን በጀሪካን አጠራቅሙ፤ የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው። በበጋ ደግሞ መለዋወጫ ሱቆች የሚሸጡት የባትሪ ውኃ አለ። ሲገዙ ማዕድኑ የወጣለት የተጣራ ውኃ መሆኑን አረጋግጡ፣ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ። ቲዲኤስ ሜትር (ውኃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን የሚለካ መሣሪያ) የምታገኙ ከሆነ ከ50 ፒፒኤም በታች የሚያነብ ውኃ ምረጡ።

ሌላም ስህተት እዚህ ይገባል፦ ማስቀመጫውን ውኃ የሞላ ሳህን ላይ ማኖር። ይህ ለሳራሴኒያ የሚሆን ምክር ነው። ሳራሴኒያም ማሰሮ አለው፣ ግን የሰሜን አሜሪካ ረግረግ ተክል ነው፣ ማሰሮውም ከመሬት ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። የኔፔንተስ ሥር ውኃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ከላይ አጠጡት፣ ከታች ይውጣ።

«ጥሩ አፈርና ፍግ ያነሳዋል»

የችግኝ ሻጮች የደን አፈርና ፍግ ለጽጌረዳ ግሩም ነው። ለኔፔንተስ ግን ሥሩን ያቃጥላል፣ ያፍነዋል። የሚፈልገው ድሃና አየር የሚያስገባ ነገር ነው፦ ስፋግነም ሞስ (ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ ደርቆ የሚሸጥ ሽበት)፣ ፐርላይት (በሙቀት የተነፋ ቀላል ነጭ ጠጠር)፣ የዛፍ ቅርፊት። ፐርላይት ካጣችሁ ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበትን ፑሚስ የሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ ያልነካውን፣ ውኃው እስኪጠራ አጥባችሁ ተጠቀሙ። የኮኮናት ቃጫ ጨው ስለሚይዝ ደጋግማችሁ ዘፍዝፋችሁ አጥልሉት።

«ቤት ውስጥ ዝንብ አያስቀርም»፣ «ልጅ ይነክሳል»

ሁለቱም አይደለም። በሳምንት አንድ ሁለት ነፍሳት ቢይዝ ነው። የሚዘጋ አፍም የለውም፤ ክዳኑ ዝናብ እንዳይገባ የተሠራ እንጂ የሚንቀሳቀስ አይደለም። ልጆች ጣታቸውን ቢያስገቡ የሚጎዳው ማሰሮው ነው።

«ዛሬውኑ ሁሉንም ልቀይርለት»

ደግ ልብ ያለው ሰው የሚሠራው ስህተት ይህ ነው። በአንድ ቅዳሜ አፈሩን ቀይሮ፣ ቅጠሉን ከርክሞ፣ ማዳበሪያ ጨምሮ፣ ቦታውን ያዘዋውረዋል። የታመመ ተክል ይህን ሁሉ አይችልም። መጀመሪያ ውኃውን አስተካክሉ፤ ይህ ምንም አይጎዳውም። ቀጥሎ ብርሃኑንና አየሩን። አፈሩን የምትነኩት ፍግ ካለበት፣ ከሸተተ ወይም ውኃ አላሳልፍ ካለ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ አዲስ ቅጠል ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ጠብቁ፣ ያም ሳምንታት ይወስዳል።

ግንዱ ከሥሩ ጠቁሮ ከለሰለሰ ግን አትጠብቁ። ከጥቁሩ በላይ፣ ውስጡ ነጣ ያለ አረንጓዴ እስከሆነበት ድረስ በንጹሕ ምላጭ ቁረጡት። ሁለት ሦስት ቅጠል ይቅርለት፣ ቅጠሎቹንም በግማሽ አሳጥሯቸው። እርጥብ ስፋግነም ውስጥ ትከሉት፣ በዚህ ጊዜ ብቻ የቴራሪየሙን ክዳን ዝጉለት፣ ፀሐይ ግን አያግኘው። ሥር ለማውጣት አንድ ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ ይዟል አልያዘም እያላችሁ አትጎትቱት።